አገርህን እወቅ፦ ዳገት የሚወጡ እንግዶች ምን ያያሉ?



በዚህ ሳምንት ስለ ተራራና ስለ ዱር እንስሳት እናነባለን። ጽሑፉን ያስጻፈን አንድ ጥያቄ ነው። አንዲት እናት ፊደል ከቆጠሩ በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ።

«እኛ ዳገት የምንወጣ እንጨት ለመልቀም ነው፤ የጠፋ ከብት ለመፈለግ ነው። እነዚህ እንግዶች ግን ከሩቅ አገር መጥተው፣ ገንዘብ ከፍለው ዳገት ይወጣሉ አሉ። ምን ጠፍቷቸው ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እማማ። ቀስ ብለን እንመልሰው።

ብሔራዊ ፓርክ ምንድን ነው?

ብሔራዊ ፓርክ ማለት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት እንዲጠበቁ በሕግ የተከለለ ቦታ ነው። በዚያ ማደን ክልክል ነው። ዛፍ መቁረጥም ክልክል ነው። ገብቶ ማየት ግን ይቻላል።

እንዲህ ያለ ቦታ በብዙ አገር አለ። በእስያ ታይላንድ የምትባል አገር አለች። የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርኳን የከለለችው በ1955 ዓ.ም. ነው። ስሙ ካው ያይ ይባላል። ሞቃትና ዝናብ የሚበዛበት ጫካ ነው። ዝሆን አለበት። ጊቦን የሚባል ጅራት የሌለው እንስሳም አለበት። ጊቦን በረጅም እጁ እየተንጠላጠለ ከዛፍ ዛፍ ይሄዳል። በዝናብ ወራት እዚያ አልቅት ይበዛል። እኛ አልቅትን የምናውቀው ከውሃ ውስጥ ነው። የዚያ አገር አልቅት ግን ቅጠል ላይ ሆኖ መንገደኛ ይጠብቃል! ስለዚህ ተጓዦች እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ያጠልቃሉ።

ይህን ሁሉ ችለው የሚሄዱት እንስሳቱን በዱር ውስጥ ለማየት ነው። ወደ እኛ አገር የሚመጡትም ለዚሁ ነው።

የሰሜን ተራሮች

ከአምበር ተነስቶ፣ ባሕር ዳርንና ጎንደርን አልፎ፣ ደባርቅ ይደረሳል። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በአገራችን ከሁሉ የሚበልጠው ተራራ ራስ ደጀን በዚያ ይገኛል። ከፍታው 4,533 ሜትር ነው።

እንግዳ ደባርቅ ሲደርስ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል። መንገድ መሪና ጠብመንጃ የያዘ ጠባቂ ይዞ ይነሳል። ዕቃው በበቅሎ ይጫናል። ሳንቃበርን፣ ግጭን፣ ጨነቅን እያለፈ በእግሩ ይጓዛል። ማታ በድንኳን ያድራል። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጋቢ ያልያዘ ይጸጸታል።

እንደ ደገኛ ያልለመደ ሰው ከፍታ ላይ ራሱን ያመዋል። ያቅለሸልሸዋል። ሕመሙ ከባሰ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። ያልባሰ ግን ቀስ ብሎ ይሂድ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ!

እዚያ ምን ይታያል?

አንደኛ፣ ጭላዳ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ሌሊት ገደል ውስጥ ያድራል። ጧት ፀሐይ ሲሞቅ ከገደሉ እየወጣ ሜዳው ላይ ቁጭ ይላል። በመቶ የሚቆጠር መንጋ ባንድ ላይ ሣር ሲነጭ ይውላል። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ወንዱ እንደ ካባ የሚወርድ ጠጉር አለው።

ሁለተኛ፣ ዋልያ። ዋልያ የሚኖረው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ፍየል ይመስላል። የወንዱ ቀንድ ረጅምና ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው። ሰው ሊቆምበት በማይችል ገደል ላይ ይሮጣል። ጨነቅ አካባቢ ጧትና ማታ ይታያል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ቁጥሩ በጣም ቀንሷል። በመላው ዓለም የቀረው ከአንድ ሺህ በታች ነው።

ሦስተኛ፣ ቀይ ቀበሮ። ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ዘሩ ከተኩላ ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። በግ የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። እህል የሚያጠፋውን አይጥ የሚበላ እንስሳ ለገበሬ ወዳጅ ነው እንጂ ጠላት አይደለም። ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በመላው ዓለም 500 ያህል ብቻ ናቸው። ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ነው።

እንዴት ነው የሚታዩት?

እንስሳ ማየት እንደ አደን ነው፤ የሚለየው መሣሪያው ዓይን መሆኑ ነው። ጧት በማለዳ መነሳት ነው። ዝም ማለት ነው። ነፋሱ ጠረናችንን ወደ እነሱ እንዳይወስድ ከነፋሱ በታች መቆም ነው። ምግብ መስጠትና መጠጋት አይገባም። ማባረር፣ ድንጋይ መወርወር ነውር ነው። የከብት እረኛ የሆነ ሰው ይህን ሁሉ ያውቀዋል። እንግዳው ገንዘብ ከፍሎ የሚማረውን እረኛው በልጅነቱ ተምሮታል።

የጠፋው የማን ነው?

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ እንመለስ። «ምን ጠፍቷቸው ነው?» ነበር ያሉት። ለእንግዶቹ ምንም አልጠፋባቸውም። የጠፋብንስ እኛ ነን።

በአምበር፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ጮቄን የማያውቅ የለም። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ የሚነሱት ከጮቄ ነው። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅብራ አለው። አስታ አለው። ጓሳ ሣር አለው። ዱሮ ቀይ ቀበሮም ነበረው። ዛሬ ግን የለም። ከጮቄ ጠፍቷል።

ለምን? ገበሬው ክፉ ስለሆነ አይደለም። መሬት ጠበበ፤ ሰው በዛ። ገብስና ድንች ዳገቱን እየተከተለ ወደ ላይ ወጣ። ጓሳው ሲታረስ አይጡና ፍልፈሉ መጠጊያ ያጣል። እነሱ ሲሄዱ ቀበሮው የሚበላው አይኖርም። ሌላም ጠላት አለው፤ የእብድ ውሻ በሽታ። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሻ የተላለፈ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል።

እንግዲህ ሰው ወይስ እንስሳ? ጥያቄው ቀላል አይደለም። በሰሜን ተራሮች የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ከቀያቸው ተነስተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ከተወለዱበት ቀዬ መነሳት ከባድ ነው። ይህ ሳይነገር የፓርኩ ወሬ ሙሉ አይሆንም።

ሌላ መንገድም አለ። በመንዝ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። የአካባቢው ሰው ከ400 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሣሩን «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም፤ ሣር አይታጨድበትም። ሣሩ ሲደርስ በጋራ ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ቀረ። በኋላ ግን ነዋሪው ኮሚቴ መርጦ ጥበቃውን ቀጠለ። ዛሬ በዚያ ሣሩም አለ፤ ጭላዳውም አለ፤ ቀይ ቀበሮውም አለ። ሰዉም አለ።

ለጮቄስ? ቀበሮው ነገ ተመልሶ ይመጣል አንልም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ በመካከሉም አባይና እርሻ አለ። ነገር ግን የቀረው ጓሳ፣ የቀረው አስታ፣ የምንጮቹ ራስ በእጃችን ነው። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት አንድ የጮቄ መንደርን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መርጦታል። ሰላም ሲሆን እንግዳ ይመጣል። ሲመጣ የሚያየው እኛ ያስተረፍነውን ነው።

እማማ፣ መልሳችን ይኸው ነው። እነሱ የሚመጡት አገራቸው የሌለውን ለማየት ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ በአገራቸው የነበረውን ለማየት ሌላ አገር እንዳይሄዱ፣ የቀረውን እንጠብቅ።

አዲስ ቃላት

ብርቅዬ — በሌላ ቦታ የማይገኝ። ዋልያ ብርቅዬ እንስሳ ነው።
ከፍታ — አንድ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ርቀት።
ክትባት — በሽታ ሳይመጣ የሚሰጥ መከላከያ። ውሻችሁን አስከትቡ።

መልመጃ

1. ዋልያ የሚኖረው የት ነው?
2. ቀይ ቀበሮ ምን ይበላል?
3. የመንዝ ሰዎች ጓሳውን የሚጠብቁት እንዴት ነው?
4. በአካባቢያችሁ ዱሮ የነበረ፣ ዛሬ የጠፋ እንስሳ አለን? አረጋውያንን ጠይቁና የነገሯችሁን በአምስት መስመር ጻፉ።

ለሳምንት ያገናኘን።