በጣራ ላይ የተጫነ ድንጋይ

የዱከም ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቢሾፍቱ ሳይደርሱ ትገኛለች። በዚያም፣ እንደ ሌሎች ከተሞች ሁሉ፣ በአንዳንድ ቤት ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ተጭኖ ይታያል።

ድንጋዩ ያለ ምክንያት አልወጣም። ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያናውጠው ሚስማሩ ቀስ በቀስ ይላላል፤ ቀዳዳውም ይሰፋል። ባለቤቱ ቆርቆሮው ተነቅሎ እንዳይሄድበት ድንጋይ ይጭንበታል፤ ጣራዬንም አበጀሁ ይላል። ነገር ግን አላበጀውም። ድንጋይ ቀዳዳ አይደፍንምና ዝናሙ በዚያው ይገባል። በድንጋዩ ሥርም እርጥብ አፈር ስለሚጠራቀም ቆርቆሮው ቶሎ ይዝጋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ኀይለኛ ነፋስ በመጣ ጊዜ ድንጋዩ ተንከባልሎ በጥግ በሚጫወት ልጅ ወይም ውሃ ቀድታ በምትመለስ ሴት ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንግዲህ ድንጋይ የጫነ ሰው ችግሩን ወደ ጎረቤቱ ራስ አሳለፈው እንጂ አላስወገደውም።

በቀድሞ ዘመን ቤት በሣር ይከደን ነበር። ሣሩ በጥቂት ዓመት ስለሚበሰብስ ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ ያድሰዋል፤ ባለቤቱም እንጀራና ጠላ ያቀርባል። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቆርቆሮ በቀላሉ ይጓጓዝ ጀመር። ቆርቆሮም ብዙ ዘመን ስለሚቆይ ሰው ጣራውን ረሳው፤ የክዳኑም ደቦ ቀረ። ይህ ስሕተት ነው። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ የተለበጠው ዚንክ ነው፤ ሚስማር በበሳው ስፍራ ግን ብረቱ ይገለጣል።

ጥገናው ከባድ አይደለም። በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ፣ የላላው ሚስማር ይነቀልና ረዘም ያለ፣ ከራሱ ሥር ጎማ ያለው ሚስማር ይመታል። የሚመታውም በቆርቆሮው ጕብታ ላይ ነው እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ አይደለም። የተንሸራተተው ቆርቆሮ ወደ ስፍራው ሲመለስ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረብ፤ በተገላቢጦሽ ከሆነ ውሃው ወደ ቤት ይገባል።

ድኻ ሚስማር መግዣ የለውም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የዘገየ ሰው ኋላ ቆርቆሮውን ይገዛል፤ የራሰውንም የጭቃ ግድግዳ እንደ ገና ይመርጋል። ይልቅስ የሚያሳዝኑት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ መሰላል መውጣት የማይችሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። ስለ እነርሱ ደቦው ሊመለስ ይገባል። አንዱ ሚስማር ያምጣ፤ አንዱ ወጥቶ ይምታ፤ አንዱ መሰላሉን አጥብቆ ይያዝ። ልጆችም ጣራ ላይ ሳይወጡ፣ የወረደውን ድንጋይ ተሸክመው በክረምት ጭቃ በሚሆነው ደጃፍ ላይ ለመረማመጃ ይደርድሩት።