እየሳቅን ያለነው በታማሚ ነው

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አልጽፍም። ዛሬ ተቆጥቻለሁ።

ሰሞኑን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ፣ ሐረጎ ላይ ስንደርስ ከኋላዬ የተቀመጡ ወጣቶች የቲክቶክ ቪዲዮ ከፍተው በሳቅ ፈነዱ። እኔም እንዳይ ስልኩን ሰጡኝ። ልብሱ የተቀዳደደ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ «የንጉሥ ልጅ ነኝ፤ ሊገድሉኝ እየተከተሉኝ ነው» ይላል። የሚቀርጸው ልጅ ደግሞ «ንጉሥ ሆይ፣ ለሕዝቡ ንግግር ያድርጉ!» እያለ ይቆሰቁሰዋል።

እነሱ ቀልድ አዩ፤ እኔ ግን ያየሁት የበሽታ ምልክት ነው። ዴሉዥን እንለዋለን። የፈለገውን ያህል ማስረጃ ብታቀርቡለት ሰውየው የማይለቀው፣ ከእውነታ የራቀ ጽኑ እምነት ማለት ነው። «ሊገድሉኝ ነው» ሲል እየቀለደ አይደለም፤ ከምር ፈርቷል። እናንተ የምትስቁት በፍርሃቱ ነው።

ይህንን ስናገር አንዱ ልጅ «ዶክተር፣ ታዲያ በፊልምና በቲያትርስ በእብድ እንስቅ የለ?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልስ ይገባዋል።

አዎ፣ እንስቃለን። በብዙ አስቂኝ ድራማዎቻችን «እብድ» በባዶ እግሩ ይገባል፣ ሁለት ነገር ይቀባጥራል፣ ተመልካች ይስቃል፣ ይወጣል። ቤተሰብ የለው፣ ታሪክ የለው፣ ሐኪም የለው። ሌላው ዓይነት ደግሞ ከጤነኛው በላይ እውነት የሚናገረው እብድ ነው። በረከት በላይነህ የጻፈውና ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተው «እያዩ ፈንገስ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወድጄዋለሁ፤ እዚያ የተሳቀው በእያዩ ሳይሆን በእኛ «ጤነኞቹ» ነበርና። ነገር ግን ከቲያትሩ ስንወጣ መንገድ ላይ ያለውን ሰው እንደ እያዩ ማየት አደጋ አለው። አንዱ ድራማ መሳቂያ አደረገው፣ ሌላው ነቢይ አደረገው። መሳቂያም ነቢይም ሕክምና አያስፈልገውም። ታማሚ ግን ያስፈልገዋል።

ስለ አእምሮ ሕመም ኮሜዲ አይሠራ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም አንድ ልጠቁማችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ «ላርስ ኤንድ ዘ ሪል ገርል» የሚባል የአሜሪካ ፊልም አለ። ራያን ጎዝሊንግ ነው የሚሠራበት። ድርሰቱ ለኦስካር ቢታጭም ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየው ጥቂት ነው፤ ወጪውን እንኳ አልመለሰም።

ላርስ ዓይን አፋር፣ ብቸኛ ወጣት ነው። እናቱ የሞተችው እሱን ስትወልድ ነው። አንድ ቀን የሰው ቁመት ያላት አሻንጉሊት በኢንተርኔት አዝዞ «ፍቅረኛዬ ናት፣ ቢያንካ ትባላለች» ብሎ ለወንድሙ ያስተዋውቃል። አይቀልድም፤ ያምናል። ወንድሙ በኀፍረት ይሞታል፤ ሰው ምን ይለኛል ይላል። ይሄ ኀፍረት ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ነው፤ ስንቱ ቤተሰብ ልጁን ጓዳ የሚቆልፈው በዚህ ነው።

ሐኪሟ ግን ከላርስ ጋር አልተከራከረችም። «ቢያንካ የደም ግፊቷ ዝቅ ብሏል፣ በየሳምንቱ አምጣት» አለችው። በዚህ ሰበብ በየሳምንቱ ከራሱ ከላርስ ጋር ታወራለች። የከተማው ሰው ደግሞ ለቢያንካ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሥራ ይሰጣል። ሲኒማው በሳቅ ይሞላል፤ ነገር ግን የሚያስቀው አሻንጉሊት አስቀምጠው ራት የሚበሉት የጤነኞቹ ጭንቀት እንጂ የላርስ ሕመም አይደለም። ማንም አላሰረውም፣ ማንም አልቀረጸውም። ቀስ በቀስም ቢያንካን ራሱ ተሰናበታት።

እንደ ሐኪም ግን በአንድ ነገር ከፊልሙ እለያለሁ። ላርስ ያለ መድኃኒት፣ በፍቅር ብቻ ዳነ። ስኪዞፍሬኒያን በመሰሉ ከባድ ሕመሞች ላይ ፍቅር ብቻውን አይበቃም፤ መድኃኒትና ክትትል ያስፈልጋል። በአገራችን በቡታጅራ አካባቢ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከ10 የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች 9 ያህሉ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ሰው ምናልባት «ያበደ» ሳይሆን አንድም ቀን ያልታከመ ሰው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. አትከራከሩት፣ አታጅቡትም። «ውሸት ነው» ስትሉት ከእናንተ ይርቃል፤ «አዎ፣ እየተከተሉህ ነው» ስትሉት ፍርሃቱ ይብሳል። «እንደፈራህ ይገባኛል፤ እኔ አብሬህ ነኝ» በሉት።

2. ሰንሰለት ሕክምና አይደለም። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ነው ብላችሁ ከሰጋችሁ ጊዜ ሳትሰጡ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ካልሆነም በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይልኳችኋል።

3. ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ቁርአን የሚያስቀራ ያስቀራ። አልቃወምም። ነገር ግን መድኃኒቱን አታስቋርጡት። ሲሻለው «ድኗል» ብላችሁ ማቋረጥ ሕመሙን መልሶ ይጠራዋል።

4. አትቅረጹ፣ የተቀረጸውንም አታጋሩ። የታማሚው እናት ያንን ቪዲዮ ታየዋለች። ነገ ድኖ ሥራ ሲፈልግ ቪዲዮው ቀድሞት ይደርሳል።

ወሎ ሐዘንተኛ ሲያይ «አብሽር» የሚል አገር ነው። ለቅሶ ቤት እንለዋለን፣ ለከሰረ ነጋዴ እንለዋለን፣ በ2014ቱ ጦርነት ቤቱን ጥሎ ለወጣው ተባብለነዋል። ለዚያ መንገድ ዳር ለቆመው ሰው ግን ስልክ አወጣንበት። እሱስ አብሽር አይባልም?

ሚኒባሱ ውስጥ የጠየቀኝ ልጅ ኮምቦልቻ መነኸሪያ ስንወርድ ቪዲዮውን አጠፋው። እናንተም ስልካችሁ ላይ ካለ አጥፉት። በምትኩ ይህን ጽሑፍ አጋሩ።

መልካም ጤና!