መርከቧ ቦንጋም ትድረስ

«ባሕር አይቶ ለማያውቅ የካፋ ልጅ የታይታኒክ መስጠም ምኑ ነው?» ይሉኛል። ቦንጋ ላይ ከመምህራን ጋር በተጨዋወትኩ ቁጥር ይህች ጥያቄ አትቀርም። እኔ የምለው አንዲት የሰጠመች መርከብ ለሁለት ሳምንት በሒሳቡም፣ በሳይንሱም፣ በታሪኩም ክፍለ ጊዜ ትግባ ነው። እነሱ ደግሞ ካፋ የቡና መገኛ ነውና ሁሉም በቡና ይሁን ባይ ናቸው። በቡና ላይ ጠብ የለኝም። (ቦንጋ ተቀምጦ ከቡና የተጣላ ሰው ካለ ይምጣና እንየው!) ጠቤ የካፋ ልጅ ከደጁ አልፎ አያይም ብሎ ከሚፈርደው ንቀት ጋር ነው። ንቀት የአገር ፍቅር ካባ ስለደረበ ንቀትነቱ አይቀርም።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ሌሊት ታይታኒክ ስትሰጥም 2,200 ያህል ሰው ተሳፍሮባት ነበር። የነፍስ አድን ጀልባዎቿ 20 ሲሆኑ፣ ሁሉም ቢሞሉ የሚይዙት 1,178 ሰው ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ መቀነስ ይችላል፤ ከሺህ በላይ ሰው መርከቧ ገና ወደብ ሳትለቅ ቦታ አልነበረውም። 1,500 ያህሉ አለቀ። ከአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ከግማሽ በላይ ሲተርፍ፣ ከሦስተኛ ማዕረግ የተረፈው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ሳናስበው ሥነ ዜጋ ሆነ። የሚያስገርመው ደግሞ ባለ መርከቦቹ ሕግ አልጣሱም! የእንግሊዝ ደንብ የጀልባ ቁጥር የሚተምነው በመርከብ መጠን እንጂ በሰው ብዛት አልነበረም። ታይታኒክማ ከታዘዘው በላይ ጭና ነበር። ደንብ ተከብሮ ሰው እንደሚያልቅ ለልጅ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለው ያምጣ።

ሳይንሱ ባልዲ ውሃ፣ ምስማርና ብረት ድስት ይበቃዋል። ምስማሩ ሰጠመ፤ ድስቱ ለምን ተንሳፈፈ? ጠጠር እየጨመሩ ቢጭኑትስ? «የማስተማሪያ መሣሪያ የለንም» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ታሪኩስ? በዚያው በ1904 ምኒልክ የአልጋ ቁራኛ ነበሩ። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ተማርኮ ከአገሩ እንደራቀ ነበር። ንጉሡ ታስሮ ጎጀብን ሲሻገር የወርቅ ቀለበቱን ወንዙ ውስጥ ጣለ ይባላል። ልጁ የሰመጠችውን መርከብና የሰመጠውን ቀለበት ጎን ለጎን አስቀምጦ በካፊኖኖ ይጻፍ። አገሩን ረሳ የሚለኝ ማን ነው?

ወደ ቡናው ልመለስ። ያ የሚመኩበት ቡና ባሕር ማዶ የሚሄደው ከጅቡቲ ወደብ በመርከብ ተጭኖ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ ነው። በዚሁ ባሕረ ሰላጤ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017፣ ከ150 በላይ ሰው ያጨቀች ጀልባ የመን ጠረፍ አጠገብ ተገለበጠች። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ቢያንስ 68 ሞቱ። ደላላ ልጆቻችንን ባሕር አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የጀልባዋን ወርድና ቁመት ለክቶ ስንት ሰው ትይዛለች ብሎ መጠየቅን፣ ከደላላው በፊት የሒሳብ መምህሩ ያስተምር።