ግብር ገማቹን ማን ይገምተው?

ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው፡፡ በሰፈራችን ሻይና ቡና እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት አሉ፡፡ ስማቸውን አልጠራም፤ በእኔ ጽሑፍ ሰበብ ከወረዳው ጋር እንዲቀያየሙ አልፈልግምና፡፡ ሦስት ወጣቶች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ከች አሉባቸው፡፡ የ"ቀን ገቢ ግምት" ሠራተኞች መሆናቸው ነው፡፡ ዕለቱን ደግሞ ከጎረቤት ለቅሶ ነበርና፣ ከድንኳን የተረፈው ለቀስተኛ ሁሉ እሳቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተኮልኩሏል፡፡

"እናቴ፣ በቀን ስንት ይሸጣሉ?"

"አራት መቶ ብር ብሸጥ ነው ልጄ፡፡"

ልጁ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ሳቀ፡፡ "ይኼን ሁሉ ሰው በአራት መቶ ብር?"

"ኧረ ለቅሶ ስላለ ነው! ነገ ብትመጣ ከእኔና ከድመቷ በቀር ሰው አታገኝም፡፡"

ልጁ መልስ አልሰጣቸውም፤ ጻፈና ሄደ፡፡ የጻፈውን ያወቁት ወረዳ ሲጠሩ ነው፡፡ በቀን 1,800 ብር!

እስቲ አብረን እናስላው፡፡ በዓመት 300 የሥራ ቀን ብንል 540,000 ብር ይመጣል፡፡ በጊዜው በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ "ሐ" ነው፡፡ ከዚያ ካለፈ ደረጃ "ለ" ይባልና የሒሳብ መዝገብ ያዝ ይባላል፡፡ እንግዲህ እኒህ በጀበና የሚተዳደሩ እናት በጎረቤት ለቅሶ ምክንያት የሒሳብ ሠራተኛ ቀጥረው መዝገብ የሚያስይዙ ነጋዴ ሆነው አረፉት፡፡ ለሟች ነፍስ ይማር፤ ለግብር ከፋዩም ጭምር፡፡

ያ ሐምሌ የእሳቸው ብቻ አልነበረም፡፡ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘግተዋል፤ ተቃውሞ ተነሥቷል፤ ባለሥልጣናቱም ግምቱ ላይ ስህተት እንደነበረ ራሳቸው አምነዋል፡፡ ያን ጊዜ ሁላችንም የተነጋገርነው ስለ ብሩ መብዛት ነው፡፡ ብሩ በዛ፣ ይቀነስ፣ ተቀነሰ፡፡ ለመሆኑ እነዚያን ልጆች የላካቸው ማነው? ቢሳሳቱ የሚጠይቃቸውስ? ይኼን የጠየቀ ሰው አላየሁም፡፡

ነገሩ ከዚህ በፊትም ደርሶብናል፡፡ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ጠመንጃ እስከ ማንሣት የደረሰው በብሩ ብቻ ተቆጥቶ አልነበረም፡፡ ገማች ሆኖ የሚመጣው ሹም መሬቴን ለክቶ ርስቴን ይነቅለኛል ብሎ ስለጠረጠረም ነው፡፡ ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን ተላከ፡፡ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ከቦታው ተነሡ፤ የቆየው ውዝፍ ግብርም ተማረ፡፡ ሰው የማያምነው ሹም የሚጽፈውን ቁጥር አያምንም፤ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ፡፡

ታዲያ የኛ ሹም ማነው? ቀበሌ የሚባለው ነገር የመጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ጋር ነው፡፡ ስሙ "የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር" ነበር፡፡ ማኅበር! ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑትን ቤቶች እያስተዳደረ፣ በገንዘቡ ሰፈሩን ያለማል ተብሎ ነበር፡፡ ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃ ያዘ፤ የተረፈውን አንባቢ ያውቀዋል፡፡ ደርግ ሲሄድ ቀበሌው አልሄደም፡፡ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተማና በየቀበሌው ተሸነሸነች፤ ኋላ ቀበሌው ወረዳ ተባለ፡፡ ታፔላው ተቀየረ፤ የ"ነገ ተመለስ" ባህሉ እዚያው ቁጭ ብሏል፡፡ (የድሮው ሊቀ መንበር ቢያንስ የሰፈር ሰው ነበር፤ ቤቱን ስለምናውቀው ማታ ሄደን እናለቅስበት ነበር፡፡ የዛሬው ሥራ አስፈጻሚ ከየት እንደተመደበ እንኳ የምናውቅ ስንቶች ነን?)

ሕገ መንግሥቱ ሲነበብ ያምራል፡፡ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል ይላል፡፡ በተግባርስ? የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሄደ፤ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን ስላገለሉ ኢሕአዴግ ከራሱ ጋር ተወዳድሮ ራሱን አሸነፈ፡፡ ቀጣዩ በ2010 ዓ.ም. መሆን ነበረበት፤ ተራዘመ፡፡ ሰኔ 2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ ወረዳው ከምርጫው ውጪ ነበር፡፡ ኢሕአዴግ ስሙን ለውጦ ብልፅግና ሲሆን የወረዳው ወንበር ያለ አዲስ ድምፅ አብሮ ተሻገረለት፡፡ በዚህ መሐል ግምቱ፣ መዋጮው፣ ክሊራንሱ፣ ማሸጉ አንድም ቀን አልተራዘመም፡፡ ምርጫ ይራዘማል፤ ግብር አይራዘምም!

ግብር አልከፍልም የሚል ሰው ጠበቃ አይደለሁም፡፡ መንገዱም ትምህርት ቤቱም ያለ ግብር አይሠራም፡፡ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያም መልካም ጎን አለው፤ ከ2008 ጀምሮ 600 ብር ላይ ተቸንክሮ የኖረውን ግብር የማይነካው ደመወዝ 2,000 አድርሶታል፡፡ በነዚያ ዓመታት ስኳርና ዘይት የት እንደደረሱ የሚያውቅ ግን "ደግ አደረጉ" ብሎ አያጨበጭብም፡፡ ደረጃ "ሐ"ም ቀርቶ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ሁሉ "ለ" ተብሏል፡፡ ይሁን፡፡ መዝገብ የሌለው የጉሊትና የጀበና ነጋዴ ሽያጩ በምን ሊታወቅ ነው? ዞሮ ዞሮ ያው ልጅ እስክሪብቶውን ይዞ ይመጣል፡፡

በዚያ ላይ በየትኛውም አዋጅ ያልተጻፈው ግብር አለ፡፡ ለበዓሉ፣ ለጥበቃው፣ ለኮብልስቶኑ፣ ለእንግዳ መቀበያው "በፈቃደኝነት" አዋጡ ይባላል፡፡ ያላዋጣ ነጋዴ ፈቃድ ለማደስ ሲሄድ ፋይሉ ይጠፋል፤ ሲስተም የለም ይባላል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፡፡ አንድ ሱቅ ለሦስት ቀን ተዘግቶ ባለቤቱ ወረዳ ደጅ ሲጠና ቢውል ያም ግብር ነው፤ ደረሰኝ የለውም እንጂ፡፡ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምትለዋን ተረት የወረዳ ሰዎች ተረት መሆኗን የረሷት ይመስለኛል፤ መመሪያ አድርገዋታል፡፡

የምንጠይቀው ተአምር አይደለም፡፡ የወረዳ ምክር ቤት ይመረጥ፤ የሰፈሩ ሰው ሰፈሩን ከሚያውቁት መሐል ድምፅ ይስጥ፡፡ ገማቹ ስሙንና ፊርማውን አስፍሮ፣ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ጽፎ አንዱን ቅጂ ለነጋዴው ትቶ ይሂድ፡፡ አንድ ቀን ብቻ አይቶ ሳይሆን በተለያየ ቀን ተመላልሶ አይቶ፡፡ ቅሬታ ሰሚው ከወረዳው ግቢ ይውጣ፤ ከነጋዴውም ወገን ሰው ይቀመጥበት፡፡ ደረሰኝ የሌለው መዋጮ ማስገደድ ወንጀል ነው ተብሎ በወረዳው በር ላይ በትልቁ ይጻፍ፡፡ ከዚያው ጎን ደግሞ ከዚህ ሰፈር ይኼን ያህል ተሰበሰበ፣ ይኼን ያህሉ ለዚህ ዋለ የሚል ወረቀት በየሦስት ወሩ ይለጠፍ፡፡ ለዚህ የውጭ ብድርም ሆነ አማካሪ አያስፈልግም፤ ሙጫ ይበቃል፡፡

ለመሆኑ ቡና ሻጯ እናት ምን ሆኑ? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ሊተዉት ነበር፤ ልጃቸው ገፋፍታ ቅሬታ አስገባቻቸው፡፡ ቅሬታ ሰሚው ቢሮ ከግምት ቢሮው በአንድ ኮሪደር ነው፤ ሁለት በር ያህል ቢራራቅ ነው፡፡ ሲመላለሱ ወራት አለፉ፤ በየምልልሱ ጀበናዋ ሳትጣድ ትውላለች፡፡ በመጨረሻ 1,800ው ወርዶ 1,100 ብር ሆነላቸውና ወደ ደረጃ "ሐ" ተመለሱ፡፡ ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን ደስ ያለዎት" አላቸው፡፡ እኔም ሄጄ እንኳን ደስ ያለዎት አልኩ፡፡ ሲኒውን እያቀረቡልኝ፣

"ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፡፡ 1,800ውን እንኳ ለቀስተኛውን አይተው ነው እንበል፡፡ ይኼን 1,100 ደግሞ ምን አይተው ነው የጻፉት?" አሉኝ፡፡