የድግግሞሹ ብዛት አያድንም

በአሕመድ ዳጋህና በአካባቢው በምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የብረት ጠቋሚ ማሽን ወሬ ከኳስ ወሬ እኩል መነገር ከጀመረ ሰነበተ። አንዱ የዓመታት ቁጠባውን አውጥቶ ማሽን ሊያስመጣ ያስባል። ሌላው ከጓደኞቹ ጋር ዕቁብ ገብቷል። ሦስተኛው ደግሞ ወርቁም ቢቀር በዕረፍት ቀኑ ወደ በርበራ ወርዶ አሸዋ ውስጥ የወደቀ ቀለበት ቢያገኝ ይበቃዋል። የክርክሩ ፍሬ ነገር ግን አንድ ነው፦ ውዱ ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲ ማሽን ይሻላል ወይስ ባለ አንዱ? መልሱም ከመጠየቁ በፊት የተወሰነ ይመስላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባልና፣ ብዙ ድግግሞሽ ከአንድ ድግግሞሽ እንደሚበልጥ ያለ ማስረጃ ይጸድቃል። ይህ ጽሑፍ ያንን ውሳኔ ለመቃወም የተጻፈ ነው።

የምቃወመው ማሽኑን አይደለም፤ ማሽኑ የሚደነቅ የጥበብ ሥራ ነው። የምቃወመው የጥያቄውን አጠያየቅ ነው። «የትኛው ይበልጣል?» ከማለት በፊት «በምን ዓይነት መሬት? ምን ለመፈለግ?» ማለት ይገባ ነበር። በሐርጌሳ ዙሪያ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከእነዚህም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ያ መሬት ይረገጣል ወይ?» የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የማሽኑን አሠራር በአጭሩ እንመልከት። በማሽኑ ጫፍ ባለው ክብ ሰሌዳ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። በሽቦው ውስጥ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ፣ ወደ መሬት የሚገባ የማግኔት መስክ ይፈጠራል። መስኩ ብረት ነክ ነገር ሲያገኝ በዚያ ነገር ውስጥ ትንሽ ጅረት ያስነሣል፤ ያም በተራው የራሱን ደካማ መስክ ይመልሳል። ማሽኑ የምላሹን መጠንና መዘግየት ለክቶ ስለ ተቀበረው ነገር ይገምታል። ፍሪኩዌንሲ የምንለው የዚያ መለዋወጥ ፍጥነት ነው፤ የሚለካውም በኪሎኸርዝ ነው። ዝቅተኛው ድግግሞሽ ኤሌክትሪክን በደንብ ለሚያስተላልፉ እንደ ብር ገንዘብና ትልቅ መዳብ ላሉ ነገሮች ይስማማል። ከፍተኛው ደግሞ ጥቃቅን ወርቅን ለመሰለ ነገር ይስማማል፤ ነገር ግን በውስጡ የብረት ማዕድን የበዛበትን አፈር ጭምር አብዝቶ ያስጮኻል። እንግዲህ እያንዳንዱ ድግግሞሽ የራሱ ጸጋና የራሱ ጉድለት አለው ማለት ነው።

ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲው ማሽን እነዚህን በአንድ ጊዜ ልኮ ምላሾቹን ያነጻጽራል። ሐሳቡ ትናንት የተወለደ አይደለም። ፊሸር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በሁለት ድግግሞሽ የሚሠራውን ሲ ዜድ፣ የአውስትራሊያው ማይንላብም ሶቨሪንን ለገበያ ካቀረቡ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ወሬው የጋለው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ማይንላብ ኢኩዊኖክስ የተባለውን ማሽን ሲያስተዋውቅ፣ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ማሽን ሁሉ ዘመኑ እንዳለፈበት አወጀ። ከዚያ በኋላ የፈረንሳዩ ኤክስ ፒ ዴውስ ሁለትን፣ የቱርኩ ኖክታ ሌጀንድን፣ ራሱ ማይንላብም ማንቲኮርን አከታተሉ፤ የማንቲኮር ዋጋ ሲወጣ 1,700 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር።

አዋጁን ግን ከራሱ ከአዋጅ ነጋሪው ሥራ ጋር እናመሳክረው። ዘመኑ አልፏል በተባለበት በዚያው በ2017 ይኸው ድርጅት ጎልድ ሞንስተር 1000 የተሰኘውን የወርቅ ማሽን ያቀርብ ነበር። ያ ማሽን የሚሠራው በአንድ ድግግሞሽ፣ በ45 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ኢኩዊኖክስ 800 ራሱ ባለቤቱ ሲፈልግ በ5፣ በ10፣ በ15፣ በ20 ወይም በ40 ኪሎኸርዝ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። አንዱ ድግግሞሽ ሙት ከሆነ ለምን አምስቱ በየስማቸው በቦታቸው ቀሩ? ገበያው ወደ ብዙው እያዘነበለ መሄዱን አልክድም፤ ዳሩ ግን የገበያ ማዘንበልና የእውነት ማዘንበል አንድ አይደሉም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ያሉን አባቶቻችን ለዚህም ሳይተርቱ አልቀሩም።

ፍርድ እንዳይዛባ የሌላውንም ወገን እውነት እንናገር። በርበራ ወርዶ ባሕሩ በሚያርሰው አሸዋ ላይ ለሚፈልግ ሰው ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲው በእርግጥ ይበልጣል። ምክንያቱም እርጥብ ጨው ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አሸዋው ውስጥ ደግሞ ጥቁር የብረት ማዕድን ይኖራል። ባለ አንዱ ማሽን ከሁለቱ ከአንደኛው ጋር ሊስማማ ይችላል፤ ከሁለቱም ጋር በአንድ ጊዜ መስማማት ግን ስለሚቸግረው ያለ ምክንያት ይጮኻል። ባለ ብዙው ምላሾቹን አነጻጽሮ ጨውንም ማዕድኑንም ይቀንሳል። ስለዚህ ቀለበት ፈላጊው ወዳጃችን ገንዘቡ ካለው ይግዛ፤ አልተሳሳተም። ከባሕሩ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ የጠፋ ጌጥ ወይም ሳንቲም ለሚፈልግ ሰው ግን፣ ዋጋው የእጥፍ እጥፍ የሚያንስ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ማሽን፣ ባለቤቱ ጠባዩን አጥንቶ ከያዘው፣ ሥራውን ይሠራል። ማሽኑን ሳያውቅ በዋጋው የሚመካ ሰው የሚሰማው ድምፅ ብዙ ነው፤ የሚገባው ግን ጥቂት ነው።

ወርቅ ፈላጊውስ? እዚህ ላይ ክርክሩ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። የብረት ማዕድን በበዛበት ቀይ መሬት ጠልቆ የተቀመጠን ወርቅ ለማግኘት ባለሙያዎች የሚመርጡት ከሁለቱ አንዱንም አይደለም፤ በሌላ ዘዴ፣ ማለትም ጅረቱን በምት በምት እየላከና እያቋረጠ የሚያዳምጠውን ማሽን ነው። የዚህ ዓይነቱ ዋጋ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ከሱዳን የወርቅ ግርግር ወዲህ በአፍሪካ ገበያ ሐሰተኛ ቅጂው ምን ያህል እንደ ተሰራጨ ደግሞ የማይንላብ ባለቤት የሆነው ኮዳን ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 በአደባባይ ተናግሯል፤ ንድፉ በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ተሰርቆበት፣ ቅጂው ገበያውን ስላጥለቀለቀበት የማሽኖቹን ዋጋ ለመቀነስ ተገዷል። እንግዲህ በዕቁብ ገንዘብ «ኦሪጅናል ነው» የተባለ ማሽን ለመግዛት የሚቸኩል ወንድማችን፣ የሠሪውን ኩባንያ ያሸነፈ ሐሰት እርሱን እንደማያሸንፈው በምን ተማምኖ ነው? ይህ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚባለው በምን ይለያል?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገንዘብ ነው። አሁን ስለ ነፍስ እንነጋገር። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በአየርና በከባድ መሣሪያ ተደብድባ ፈርሳ የነበረች ከተማ ናት፤ በመካከሏ የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ይህንኑ ይመሰክራል። በዚያ ጦርነት ጊዜ በመንገድ፣ በውኃ ጉድጓድ ዙሪያ፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ሳይቀር ፈንጂ ተቀብሯል። ከኢትዮጵያ ጋር በሚያዋስነው ድንበርም ከ1977ቱ ጦርነት ወዲህ የተቀበረው ብዙ ነው። ሄሎ ትረስት የተባለው ድርጅት ከ1999 ጀምሮ፣ ሌሎችም ከእርሱ በፊትና በኋላ፣ በትዕግሥት ብዙ መሬት አጽድተዋል። ይሁን እንጂ «ብዙው ጸድቷል» ማለት «ይህ እግሬ ያረፈበት ጸድቷል» ማለት አይደለም። ጎርፍ ፈንጂን ከቦታ ወደ ቦታ ሊወስድ ይችላል፤ ወርቅ ፈላጊ ደግሞ መቆፈር የሚወደው ጎርፍ የሚወርድበትን ደረቅ ወንዝ ነው።

ልብ በሉ፤ የውዱ ማሽን ትልቁ መወደሻ ምንድን ነው? «ብረትን ከወርቅ፣ ቆሻሻን ከጌጥ ይለያል፤ ሚስማሩን ዝም ይላል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጣል» የሚለው አይደለምን? ሰውነቱ ከፕላስቲክ የተሠራ ፈንጂ ግን በውስጡ ያለው ብረት አንዳንድ ጊዜ ከመርፌ ወይም ከትንሽ ጠምዛዛ ሽቦ አይበልጥም። ያቺ መርፌ በማሽኑ ዘንድ ከዛገ ሚስማር አትለይም። ስለዚህ ብረትን ዝም በል ተብሎ የታዘዘ ማሽን ፈንጂንም ዝም ሊል ይችላል። ፈላጊው የከፈለበት ጥበብ፣ ማለትም ቆሻሻውን የማይነግረው መሆኑ፣ በፈንጂ መሬት ላይ ገዳዩ ጥበብ ይሆናል። ድግግሞሹ አንድም ይሁን አርባ ይህን አይለውጠውም። እንዲያውም ማሽኑ ይበልጥ በተራቀቀ ቁጥር ዝምታው ይበልጥ ይታመናል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው።

የፈንጂ አምካኙን ሥራ ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። እርሱ ምንም ዓይነት መለያ አይጠቀምም፤ ማሽኑ የጮኸበት ሁሉ ለእርሱ ፈንጂ ነው፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ። ከመጀመሩ በፊት ማሽኑን በሚታወቅ ናሙና ላይ ይፈትናል። በገመድ በተከለለ ጠባብ መስመር ውስጥ ስንዝር በስንዝር ይሄዳል። ሲቆፍርም ከላይ ወደ ታች አይወጋም፤ ከጎን በጥንቃቄ ይጠጋል። አጠገቡ ሐኪም፣ በፊቱ መከላከያ አለ። ማይንላብም ለፈንጂ አምካኞች መሣሪያ ይሠራል፤ ያ ግን ለዚያ ሥራ የተሠራ ሌላ ማሽን ነው። የመዝናኛውን ማሽን ይዞ አካፋ በእጁ ጨብጦ በምሽግ ፍርስራሽ ላይ የሚወጣው ሰው ከእነዚህ አንዱም የለውም። «ማሽን አለኝ» ማለቱ ብቻ ነው ያለው።

በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ቆስለው በተኙ ጊዜ፣ የስልኩ ሊቅ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቷን የሚፈልግ መሣሪያ ይዞ መጥቶ ነበር። መሣሪያው በሙከራ ጊዜ ይሠራ ነበር፤ ጥይቷ ግን አልተገኘችም። ሐኪሙ ጥይቷ በቀኝ በኩል ናት ብሎ በዚያው ወገን ብቻ አስፈለገው፤ እርሷ ግን በግራ ነበረች። የአልጋው የብረት ሽቦም መሣሪያውን ሳያሳስተው እንዳልቀረ ይነገራል። የዚህ ጥበብ የመጀመሪያ ትምህርቱ ይህ ነው፤ መሣሪያ የሰውን የተሳሳተ ግምት አያርምም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የማናየው ግን የምንሰብረው። ላስ ጌል የሐርጌሳ ጎረቤት ናት፤ ዋሻዎቿን እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ለዓለም አስታውቀዋል። አሙድንና ሌሎቹን የፈረሱ ጥንታውያን ከተሞች ደግሞ እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ከርል በ1937 ጽፎባቸዋል። ከእንዲህ ያለ ቦታ ማሽን የጠቆመውን ሳንቲም ነቅሎ የሚወስድ ሰው ሳንቲሙን አገኘ እንጂ ታሪኩን አጠፋ። ሳንቲም የሚናገረው ከተቀመጠበት አፈር፣ ከአጠገቡ ካለው ሸክላ ጋር ሲሆን ነው፤ በኪስ ውስጥ ዲዳ ነው። በአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ከልክሏል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያስታውቅ ያዛል። እኛ ደግሞ እዚህ እንግዶች ነን። በቤታችን የማይፈቀደውን በጎረቤት ግቢ ማድረግ ከሕግም በላይ የነውር ጉዳይ ነው።

«ታዲያ ድሃ ምን ይሥራ? ዕድሉን አይሞክር?» የሚል ይኖራል። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ የተሰደደ ሰው ተስፋ አይነቀፍም። ነገር ግን ተስፋን የሚያከብር ሰው ለተስፈኛው እውነቱን ይነግረዋል። ማሽን ሻጩ የሚሸጠው የድግግሞሽ ብዛት ነው፤ የመሬቱን ታሪክ አይሸጥም፣ የእግርንም ምትክ አይሸጥም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ለመዝናኛ የሚፈልግ ሰው ሰው በሚመላለስበት የባሕር ዳርቻ፣ ወይም ባለቤቱ በፈቀደለት ታርሶና ተሠርቶበት በቆየ ቦታ ብቻ ይፈልግ። ለባሕሩ ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲው፣ ለደረቁ ባለ አንዱ ይበቃዋል። የጦር ሰፈር ከነበረ፣ ከድንበር፣ ከፍርስራሽና ከማያውቀው ደረቅ ወንዝ ይራቅ። የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ከብት ጠባቂዎች ይጠይቅ፤ የትኛው ዱር ከብት እንደ በላ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ ማሽን አልተሠራም። ያልታወቀ ነገር ያየም አይንካ፤ የመጣበትን ዱካ ረግጦ ይመለስ፣ ቦታውንም ለሚመለከተው ያስታውቅ።

ከዚያ በኋላ ስለ ኪሎኸርዝ እንከራከር። በሕይወት ያለ ሰው ለክርክር ጊዜ አያጣም።