እምነቱ ወይስ እኛ?

ያገሬን የደሃናን ልጅ አረቄ ሲጥለው «ጠበል ይግባ» አልን። ገባ፤ ተጠመቀ፤ ለንስሐ አባቱ ቃል ሰጠ። ሲመለስስ? ያው ዶርም፣ ያው ጫት ቤት፣ ያው «አንዲት ብቻ!» የምንል እኛ። ሲወድቅ ደግሞ «እምነቱ ጎደለ» አልን። የጎደለውስ የኛ ወንድምነት ነው!

በ1935 እ.ኤ.አ. ሁለት ጠጪዎች በአሜሪካ የመሠረቱት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ፈጣሪን ይጠራል፤ የሚቆመው ግን ሰው ለሰው ምርኩዝ እየሆነ ነው። በኛም ከጽዋ ማኅበር የቀረ «ምን ሆነ?» ይባላል። እንግዲያው ጠላ የማይቀዳበት ማኅበር እናቁም! ጠጥቶ የከረመ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊገድለውም ይችላልና ሐኪም ማየትን «ክህደት» አንበል። ጠበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም ይሁን፤ ማታ ማታ አብሮት የሚቀመጠው ግን ማነው?