ሉልና አልማዝ ብለን ስለምንጠራቸው

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የቍልምጫን ስም ግን የምታወጣው እናት ናት። ልጅዋ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት ስም ከተሰየመለት በኋላ እንኳ፥ በእቅፍዋ አድርጋ «ሉልዬ፥ አልማዝዬ፥ ዕንቍዬ» እያለች ታቈላምጠዋለች። የዚህን ልማድ ትርጓሜ መመርመር ለነጋዴውም ለአስተዳዳሪውም የሚጠቅም ይመስለናል።

ዕንቍ የሚወደደው ብርቅ ስለ ሆነ፥ ስለሚያበራና በቀላሉ ስለማይጠፋ ነው። አልማዝ የሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል የደረሰን ሲሆን ሥሩ የግሪክ ነው፤ ትርጓሜውም «የማይሸነፍ» ማለት ነው። ሉልን ደግሞ የዳህላክ ጠላቂዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ከባሕር ውስጥ ያወጡት፥ ነጋዴዎችም በምጽዋ ይገበያዩበት ነበር። እንግዲህ እናት ልጅዋን «ሉሌ» ስትለው «በብዙ ድካም ያገኘሁህ፥ ዋጋ የማይተመንልህ» ማለትዋ ነው።

ነገር ግን ይኸው ስም ሌላ ታሪክ አለው። በቀይ ባሕር ማዶና በዐረብ አገሮች፥ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ በነበረበት ዘመን፥ ገዢው ለባሪያው ያቁት፥ መርጃን፥ ሉሉ፥ ጀውሀር የሚል የከበረ ድንጋይና የባሕር ጌጥ ስም ያወጣለት ነበር። ባሪያውም አባቱ ባወጣለት ስም መጠራቱ ይቀር ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ969 ዓ.ም. ግብፅን ይዞ ካይሮን የቈረቈረው የጦር አለቃ ጀውሀር፥ እንዲሁም በዴልሂ በንግሥት ራዚያ ዘመን የፈረስ ቤት አለቃ የነበረውና በ1240 ዓ.ም. የተገደለው ሐበሻው ያቁት፥ ሁለቱም በባርነት ያለፉ ሰዎች ነበሩ። ታላቅ ማዕርግ ላይ ከደረሱ በኋላ እንኳ ታሪክ የሚያውቃቸው በዚሁ ስም ነው።

እንግዲህ ቃሉ አንድ ሲሆን ሐሳቡ ሁለት ነው፤ እናት በዕንቍ ስም ስትጠራ ከዋጋ በላይ መሆኑን ትናገራለች፤ ገዢው ግን በዚያው ስም ዋጋውን ያስታውሳል።

ያ ንግድ በሕግ ተከልክሏል፤ ጠባዩ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። የቤት ሠራተኛይቱን «አልማዝዬ» እያለ ጠርቶ የወር ደመወዝዋን የሚያዘገይ ጌታ፥ ባለጉዳዩን «የኔ ዕንቍ» ብሎ አቈላምጦ ከደጅ የሚያውለው ሹም፥ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

የቍልምጫ ስም ይቅር አንልም፤ ያማረ ልማድ ነውና ይኑር። ነገር ግን ሰውን በዕንቍ ስም የሚጠራ ሁሉ፥ ለስሙ የሚገባውን ክብር አብሮ ይስጠው።